የጣራዬን ጽሑፍ ማን ይገልብጠው

በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩትን ጽሑፍ አንድ ሰው ወሰደና በራሱ ስም አሳተመው። በደሉ ይኸው ነው፤ ማስረዘም አያስፈልገውም። ሰውየው የጎልማሶችን ትምህርት እረዳለሁ እያለ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ቦርሳው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነበር። የክፍላችንን ጽሑፎች «አንብቤ ልመልስላችሁ» አለን፤ ሰጠነው፤ ሄደ። በዓመቱ ቀጭን መጽሐፍ ሆኖ ተመለሰልን። ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም፣ ውስጡ የእኔ ጣራ።

ጣራ ሠሪ ነኝ። በመቱ ከተማና በዙሪያዋ ቆርቆሮ ስመታ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ዝናብ በሚወደው አገር ጣራ ሠሪ ሥራ አያጣም፤ ስድብም አያጣም። ቤቱ እስካላፈሰሰ ድረስ ማንም አያስታውስህም፤ ያፈሰሰ ለት ግን እናትህ ጭምር ትነሳለች። ፊደል የቆጠርኩት የመጨረሻዋን ልጄን ከዳርኩ በኋላ ነው። በልጅነትህ ለምን አልተማርክም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አላስተማሩኝም። ሌላ ምን መልስ አለው?

የምንማረው ቅዳሜ ከሰዓት በእድራችን አዳራሽ ውስጥ፣ ለለቅሶ በሚወጡት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠን ነበር። መምህራችን ሌላውን ቀን በከተማው ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ከትልቋ ልጄ የምታንስ ሴት ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ጆሮ የሚከብደው ተማሪ ከፊት ይቀመጣል። ፊደሉን ከጨረስን በኋላ «አሁን የምታውቁትን ጻፉ» አለችን። ሌላው ስለ አገር ፍቅር ጻፈ። እኔ ስለ አገር ፍቅር የማውቀው የለኝም፤ ጣራ ሳያፈስ እንዴት እንደሚመታ ጻፍኩ። ሚስማር ውኃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ይመታል። ከሚስማሩ ጭንቅላት ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ጎማ ይገባል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ወገን ተጀምሮ ነው፤ አለዚያ ነፋሱ ውኃውን በስፌቱ ሥር ይነዳዋል። ይህችን አንድ ገጽ ለመጻፍ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ። መዶሻ ይዤ ውዬ የማይደክመኝ ሰውዬ በእርሳስ ጣቴ ይዝል ነበር።

እንግዲህ ያንን ነው የወሰደው።

አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ መምህራችን የእኔን ገጽ ልታስነብባቸው ፈለገች። ዋናው ወረቀት ከሰውየው ጋር እንደ ወጣ ቀርቷል። ያለን አንዱ የታተመው መጽሐፍ ብቻ ነው። ይዤው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ልጅ ሄድኩ። ገጹን ከፍቼ ሰጠኋት። እሷ ግን መጀመሪያ የኋላውን ሽፋን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄን አልገለብጥም።»

«ምን ሆነሽ?»

«መገልበጥ በሕግ ያስቀጣል ይላል። ጎረቤቴን የመማሪያ መጽሐፍ ገለበጥሽ ብለው አስጠርተዋታል፤ እኔ እንደሷ መመላለስ አልችልም።»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ!»

መጽሐፉን ገልብጣ ሽፋኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች። «ይሄ ስም የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ባለቤቱን ይዘው ይምጡ።»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሼ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ጣልኩትና «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፊደል ብጽፍ እጄ ይቆረጥ» አልኳት። አይዞዎት አላለችኝም። አይዞህ የሚል ሰው አልወድም፤ ይህን ታውቃለች። እዚያው እፊቴ ለሰውየው ደወለች። የምሰማው የእሷን ወገን ብቻ ነው። «ስማቸውስ?» አለች። የሚላትን ሰማች። «ያሳተሙት ለእኛ ብለው ከሆነ እኛ ለምን መገልበጥ አንችልም?» አለች። እንደገና ሰማች። ስልኩን ስታስቀምጥ ጆሮዋ ቀልቷል።

«ዘጋብኝ» አለች። «ጋሼ፣ እንደገና ይጻፉት።»

«ለማን? ለሌላ ሌባ?»

«የሁላችሁም ጽሑፍ የሚቀመጥበት የጋራ ማከማቻ ልንሠራ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም። ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። በዙሪያችን ያለው ሁሉ፣ የጎሬም፣ የያዮም፣ የዳሪሙም፣ የኡካም ተማሪ ይወስዳል።»

«ሌባው ከቤቱ ሳይነሳ እንዲሰርቅ ማለት ነው።»

«ለዚህ ነዋ ፈቃድ የምንጽፍበት» አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። በሕጉ አንድ ጽሑፍ ምንም ቃል ካልተጻፈበት እንደ ተዘጋ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ምን እንደሚፈቅዱና ምን እንደማይፈቅዱ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። በዓለም ላይ ለዚህ ተብለው የተዘጋጁ ፈቃዶች አሉ፤ ሰው ከመካከላቸው ይመርጣል። «የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ» አለች። «እኔ ባለቤት አይደለሁም።»

በዚህ ቃሏ እስከ መጨረሻው ጸናች። እኔ ብሆን አልጸናም ነበር።

ስብሰባው በእድሩ አዳራሽ ሆነ። በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ካለ ደግሞ የእድሩ ዳኛ ሳይጠሩም ይመጣሉ፤ ቤቱ ቤታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ፣ ሁሉም በእጃቸው ነው፤ በዘመናቸው አንዲት ጭልፋ አልጠፋችም። መምህርት ስለ ፈቃድ ተናግራ ስትጨርስ ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ ደገፍ አድርገው ተነሱ።

«ለዚህ ምን አዲስ ነገር ያስፈልጋል? ደንብ አለን እኮ! ዕቃ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። ሥራውን ሲጨርስ በቀኑ ይመልሳል። ለሌላ አያውስም። የሰበረ፣ ያዘገየ ይቀጣል። አለቀ።»

አዳራሹ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ማንም ሰው አስቂኝ ነው ብሎ አላሰበም። ለእኛ የጋራ የሆነ ነገር ማለት የእድር ዕቃ ማለት ነው፤ የእድር ዕቃ ደግሞ ካልተመለሰ የጋራ መሆኑ ያበቃል።

መምህርት እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ድንኳኑ ሲወጣ ዕቃ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ጽሑፉ ሲወጣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ነው። ምኑን ነው የሚመልሱት?»

«የወሰዱትን ነዋ።»

«የሚወስዱት እኮ ቅጂውን ነው።»

«ቅጂውን ይመልሷ!»

ጭብጨባ ሆነ። እኔም ተነስቼ «አይገለበጥም የሚልም ይግባበት» አልኩ፤ ገባ። አሁንም አላፍርበትም። የተሰረቀበት ሰው ቁልፍ ይገዛል።

ድምፅ ሲሰጥ መምህርት ብቻዋን ቀረች። «እኔ እንደተቃወምኩ ይመዝገብልኝ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ደንቡ እንደገና ይታይ» አለች። ይሁን ተባለ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው የማደንቀው። የተሸነፈ ሰው ጠባይ አውቃለሁ። እሺ ይልና ሥራውን በግማሽ ልብ ይሠራል፤ እንዲበላሽ ይጠብቃል። እሷ ያንን ደንብ ቃል ሳትቀንስ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈችው። በየገጹ ግርጌ፣ ለአዲስ አንባቢ እንዲመች በትልቅ ፊደል። ኢንተርኔት ላይ ማውጣቱን ተወችው፤ ኢንተርኔት ዋስ አይጠራምና። ጽሑፎቹን አተመች፣ ለየከተማው መምህር አስፈርማ ሰጠች፣ የመመለሻውን ቀን ነገረች። እኔም ተለምኜ ጣራዬን እንደገና ጽፌላት ነበር። እሷ ወደ ኦሮምኛ መልሳ፣ ስሜን ከላይ አድርጋ ላከችው።

ወረቀቶቹ መመለስ ጀመሩ። ከያዮ በቡና ጭነት መኪና ጋቢና መጣ። ከዳሪሙ አንድ ሰው ጭቃውን እየረገጠ በእግሩ አመጣ። ከጎሬ የመጣው ማዕዘኑ ላይ ዘይት ስለነካው መምህሩ ቅጣቱን ሊከፍል ቦርሳውን ፈታ። መምህርት አንድ በአንድ እየተቀበለች መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ዳኛው አንድ ቀን ጎራ ብለው ክምሩን አዩና ፊታቸው በራ።

«አየሽ? አንዲት ወረቀት አልጠፋችም!»

«አልጠፋችም፣ ጋሼ» አለቻቸው። 

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ግን ገና ሳይቆም፣ የቤተ መጻሕፍቱን አሸንዳ ልጠግን ሄጄ ዝናቡ እስኪያባራ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ሴት ገባች። ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ከራሷ እስከ እግሯ ርሳለች። ከብብቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ እሱ ብቻ ደረቅ ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችንና «ከኡካ ነው የመጣሁት፤ ወረቀቱን ልመልስ ነው» አለች።

መምህርት ከወንበሯ ተነሳች። «አዴ፣ በዚህ ዝናብ! ለመምህርዎ ቢሰጡት ያመጣው አልነበር?»

«መምህሩ ስብሰባ ሄዷል። ቀኑ ደግሞ ነገ ያልቃል። በእኔ የተነሳ ኡካ ይቀጣ?»

ላስቲኩን ፈታችው። የእኔ ገጽ ነው። 

መምህርት ፎጣ ሰጠቻትና «ጠቀመዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማሎ፣ እንዴት አይጠቅመኝ! የማድ ቤቴን ጣራ በዚህ ነው ያስመታሁት። ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ማንበብ አይችልም፤ እሱ ከላይ ይመታል፣ እኔ ከታች አነብለታለሁ። ‹በጉብታው ላይ!› እለዋለሁ። ‹በጉብታው ነው እኮ!› ይለኛል። ‹አይደለም፣ አሁን የመታኸው ቦዩን ነው፣ ንቀለው!› እለዋለሁ።» ራሷ ሳቀች። «ባሌን እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ አዝዤው አላውቅም። አንዱ ክንፍ አለቀ። ጠብ አይልም።»

«ሌላው ክንፍስ?» አልኩ ሳላስበው።

«እሱማ ቆመ። የወረቀቱ ቀን ደረሰ።»

«የትኛው ነው የቆመው?»

«እሳቱ ያለበት ወገን።»



«አንቺ ሴትዮ» አልኳት፣ ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ ሳላውቅ፣ «በእጅሽ ገልብጠሽ አታስቀሪውም ነበር?»

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር አመጣችና ግርጌው ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አይገለበጥም ይላል። ማንበብ አይችሉም እንዴ?»

መምህርት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጥሩ ጣራ ሠሪ ነው ይሄን የጻፈው» ብላ ቀጠለች ሴትዮዋ፣ ፀጉሯን እያደራረቀች። «ግን ንፉግ ነው። ዕውቀቱን በገመድ አስሮ ነው የሚያውሰው፤ ኋላ መልሶ ሊጎትተው።»

መምህርት አንድ ቃል ብትተነፍስ አበቃልኝ። «እሳቸው ናቸው» ማለት ይበቃት ነበር። በስብሰባ ያሸነፍናት ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ እውነቱ በራሱ እግር ከኡካ ድረስ መጥቶላታል። ሌላ ሰው ይህን ዕድል አያሳልፍም። እሷ ሳትናገር የተመለሰውን ወረቀት ተቀበለችና «ከፈለጉ እንደገና ላውስዎት እችላለሁ። ደንቡ ግን ዋስ ይጠይቃል» አለቻት።

«መቱ ውስጥ ማን ያውቀኛል? ዋስ ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ እሆናታለሁ» አልኩ።

በገዛ ጽሑፌ ዋስ ሆንኩ ማለት ነው። ብዕሩን ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ እኔ ስጽፍ ጊዜ ይፈጃል። ሴትዮዋ ትከሻዬ ላይ ቆማ የምጽፈውን ፊደል በፊደል ታነባለች። አዲስ አንባቢ እንደዚህ ነው፤ ፊደል ያገኘበትን ሁሉ ሳያነብ አያልፍም። ስሜን ጨረሰች። ከዚያ ከመምህርት መልሳ የተቀበለችውን ወረቀት አናት አነበበች። ከዚያ እንደገና ፊርማዬን።

«ኦቦ! እርስዎ ነዎት?»

«ንፉጉ እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እንግዲያ ማንን ፈርተው ነው?» አለችኝ።

የደረሰብኝን ነገርኳት፤ ሰውየውን፣ መጽሐፉን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን። እስክጨርስ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ በጣም ግራ ተጋብታ ጠየቀችኝ፤ «እና ሌባው ያለው ኡካ ነው?»

 ወረቀቱን በላስቲኩ መልሳ ጠቅልላ «ገለቶማ» ብላ አመስግና ወጣች።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ አሸንዳው አልወጣሁም። «እስቲ እነዚያን ፈቃዶች እንደገና ንገሪኝ» አልኳት መምህርትን። ከመሳቢያዋ አወጣቻቸው፤ አዘጋጅታ አስቀምጣቸው ኖሯል፣ ግን እስክጠይቃት አላነሳችም። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ተከራከርን። ስሜ እንዲጠቀስ ፈለግሁ፤ እሱ ቀላል ነው፣ ሁሉም ውስጥ ማለት ይቻላል አለ አለችኝ። ማንም እንዳይለውጠው ፈለግሁ። «የዳሪሙ መምህር ወረቀቱን ሲመልስ አንድ ነገር ጠይቆኛል» አለች። «እዚያ ብዙ ሰው የሚገዛው የተነቀለ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። የድሮው ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈን ከእርስዎ ጽሑፍ ቀጥሎ ልጨምር ይላል። ይከልከል?»

«ያጠፋ እንደሆነስ?»

«የጨመረው እሱ መሆኑ ይጻፋል። ጥፋቱ በእርስዎ ስም አይሄድም።»

«ይጨምር እንግዲህ። መሸጥ ግን አይሆንም! በእኔ ላብ ማንም አይነግድም።»

በዚህ አልተከራከረችኝም። «ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ እንሂድ» አለችኝ። ሄድን። ልጅቷን «አይሸጥም የሚል የተጻፈበት ወረቀት ብናመጣልሽ ትገለብጪልናለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ አሰበች። «ገንዘብ ልቀበል ነው ሳልቀበል?»

«ተቀብለሽ።»

«እንግዲያ መሸጥ አይደለም እንዴ? አልነካውም። ሳልቀበል ደግሞ ቀለሙን ማን ይሞላልኛል፣ ጋሼ ይሞሉልኛል?» ወደ እኔ አየች። «ባለፈው የመጡት ሰውዬ አይደሉም? ባለቤቱን አገኙት?»

ሕጉ በትክክል እንደዚያ ይበል አይበል መምህርትም ያን ያህል እርግጠኛ አልነበረችም፤ ጠበቆችም ይለያዩበታል አለችኝ። ግን ማሽኑ ያለው በልጅቷ እጅ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ፈሪ ናት። ጽሑፉ ወደ ኡካ የሚደርሰው ፈሪ ሰው እንኳን በማይፈራው ፈቃድ ብቻ ነው። ይሁን፣ ይሸጥ አልኩ። ቃሉ ሲወጣ ጥርስ እንደ መነቀል ነበር።

ስንመለስ በመንገድ ላይ የቀረኝን ጠየቅኳት። «ያ ሰውዬ እንደገና ቢወስደውስ?»

«ይወስደዋል።»

«ይሸጠዋል?»

«ሊሸጠው ይችላል።»

«እና ምን ተጠቀምኩ?»

«ስምዎን መጻፍ አለበት። ደግሞ ከፈቃዶቹ አንዱ፣ ከእኛ የወሰደ ሰው ጨምሮበትም ቀንሶበትም ቢያወጣው ለሌላው እንዲሁ ክፍት አድርጎ ማውጣት አለበት ይላል። ኋላ ሽፋኑ ላይ መገልበጥ ክልክል ነው ብሎ መጻፍ አይችልም።»

ቆምኩ። «ይሄ ነው የእኔ። ሌላውን ሁሉ ተይው፤ ይሄ ይግባ።»

«ቢጥሰው ግን እናስቀጣዋለን ብዬ ቃል አልገባልዎትም። አቅሙ የለንም። ቃሉ በእጃችን ይኖራል፤ ያ ብቻ ነው።»

ልታባብለኝ ትችል ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ «ይግባ» ስል ግን ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰችብኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎች አባብለውኛል፤ በዚህች ሴት አፍ ግን አንድም ቀን ጣፋጭ ውሸት አልሰማሁም።

ሁለተኛው ስብሰባ በጥቅምት መጨረሻ ሆነ። ዳኛው ተዘጋጅተው ነው የመጡት። «አንድ ወረቀት ሳይጠፋበት የሠራ ደንብ ለምን ይሻራል?» አሉ። እውነት ነው፤ በእሳቸው ሚዛን እንከን የለውም። ተነስቼ የኡካዋን ሴት ነገር ነገርኳቸው። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ዳኛው ግን ከዘራቸውን አልለቀቁም።

«አዝናለሁ ለሴትዮዋ። እድር ግን ንብረቱን በትኖ አያውቅም።»

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ያውሳሉ» አልኳቸው። «አተካከሉን ለማን አውሰው ያውቃሉ?»

«አተካከሉንማ ለጎሬ እድር ሰዎች እኔው ነኝ ያሳየኋቸው። መሎጊያውን ሳያቆሙ ገመዱን ይወጥሩ ነበር፣ ሞኞች።»

«እና በቀኑ መለሱልዎት?»

መጀመሪያ የሳቀችው ከኋላ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ከዚያ አዳራሹ ተከተላት። ዳኛው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «ተሳዳቢ» አሉኝ። ቁጭ አሉ። ተቀምጠው ሳሉም እንዲህ አሉ፤ «ቀይ ቀለማችን ግን ይኑርበት። የእድሩ ድስት ጎሬ ቢሄድም ቀይ ቀለም አለው፤ የማን እንደሆነ ይታወቃል።» መምህርት ስም መጥቀስ ማለት ያ መሆኑን አስረዳቻቸው። እሳቸውም ለፈቃዱ እጃቸውን አወጡ።

ሁላችንም ልንፈርም ወደ ጠረጴዛው ስንጋፋ መምህርት ወረቀቱን ሰበሰበችው። «ዛሬ አይፈረምም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የስብሰባ ድምፅ የሰውን ጽሑፍ ሊሰጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ነው የሚፈቅደው። አንዴ ከተፈቀደ ደግሞ መልሶ መውሰድ የለም። ዛሬ ሞቅ ብሏችኋል። ቤታችሁ ሂዱ፣ አስቡበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልፈለገ አይፈርም።»

ክረምቱን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ነበር። በእጇ ገብቶ ሳለ ለቀቀችው።

በመሐል ለሥራ ወደ በደሌ ከተማ ሄድኩ። መናኸሪያው ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ያን ቀጭን መጽሐፍ አየሁት። አዲስ እትም ነው፤ ሽፋኑ ተቀይሯል፣ ስሙ ግን ያው ነው። አንዱን ገዛሁት። መቱ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ።

«አልፈርምም!» አልኳት። «ያ ሌባ አሁንም ይነግድበታል። ሌላው ይፈርም፤ የእኔ ጣራ ይቅር።»

«ይቅር» አለች።

«ይቅር?»

«የእርስዎ ነው። የሌሎቹን ያለ እርስዎ አወጣዋለሁ። የኡካው ቅጂ ብቻ ሲመለስ እሰጥዎታለሁ።»

አልለመነችኝም። ሴትዮዋን አላስታወሰችኝም፣ ጣራዋን አላነሳችብኝም። ብትለምነኝ እምቢ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ቤቴ ስደርስ እምቢታዬ የሚያርፍበት አጥቶ አብሮኝ ገባ። የገዛሁትን መጽሐፍ ከፍቼ ገጼን አነበብኩ። በአዲሱ እትም አሳጥሮታል። ስለ ከመነዳሪው አለ፣ ስለ ጉብታው አለ። ስለ ነፋሱ ያልኩት የለም፤ ቆርቆሮው ከየት ወገን እንደሚጀመር አውጥቶ ጥሎታል። ምናልባት ቦታ አጥሮት ይሆናል። በዚያ መጽሐፍ የተሠራ ጣራ በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ከነስፌቱ ያፈስሳል። ልጨምርበት አልችል፣ ላርመው አልችል፤ ዘግቶታል። ስሜ ባለመኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

ከዚያ ግን ሌላው ታየኝ። ጎዶሎው በየመናኸሪያው ተዘርግቶ ይሸጣል። ከመደርደሪያው የወጣው ሙሉ ጽሑፍ ያለው በአንዲት ሴት ላስቲክ ውስጥ ነው፤ እሱንም መልሺ ብያታለሁ። ጣራ መምታት የሚፈልግ ሰው የቱን ያገኛል? ሌባውን ልጎዳ ብዬ ለሌባው ገበያውን እየለቀቅኩለት ነው። በቁጭት ተኛሁ፤ በቁጭት ተነሳሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ስደርስ ሌሎቹ ፈርመው ጨርሰዋል። መምህርት ጠረጴዛውን ልታጥፍ ነበር። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በዘመኔ ስለ ሰው ብዙ ክፉ ተናግሬያለሁ፣ አብዛኛውም ልክ ነበር። ስለዚህች ሴት የምናገረው ክፉ ፈልጌ አጣሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልማርኩትም። ፈቃዱን ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፦ ማንም ይውሰድ፣ ይገልብጥ፣ ይለውጥ፣ ይሽጥ፤ ስሜን ይጥራ፤ የሠራበትንም ለሌላው እንዲሁ ክፍት ያድርግ። ፈረምኩ። ቅዳሜ፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር።